በቀብሩ ላይ ያነበብኩት የወንድሜ የሕይወት ታሪክ

ከትምህርት ቤት ከወጣሁ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፍኩት ጽሑፍ የወንድሜ የሕይወት ታሪክ ነው። አንድ ገጽ ተኩል ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ አስከሬኑ ፊት ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። ብዙ የሰፈራችን ሰዎችም ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ። አንዳንዶቹ ወንድምህን አዋረድከው ይሉኛል፤ ሌሎቹ ዘገየህ ይሉኛል። የሆነውን እንደሆነው ልጻፈው። አጻጻፌ ቢደናቀፍ ታገሱኝ፤ አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ያልመጣልኝ ልጅ ነኝ።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ አንድ ሞባይል ጥገና ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ከእናቴና ከታላቅ ወንድሜ ከጌታሁን ጋር ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እንኖር ነበር። ቤቱ የተሰጠን በምትክ ነው። የቀድሞ ሰፈራችን ከለቡ በታች፣ ወንዙ ዳር ነበር፤ ታች ድልድይ እንለዋለን። አሁን ብትሄዱ ሳር፣ የተነጠፈ ድንጋይና መብራት ነው የምታዩት። ሙሽሮች ፎቶ ይነሱበታል።

ታች ድልድይ መጀመሪያ የእነ አባባ ቱሉ እርሻ ነበር። ጤፍ ይዘሩበት ነበር፤ ኋላ በወንዙ ውሃ ጎመንና ቆስጣ ማልማት ጀመሩ። ከተማው ሲጠጋቸው ከዳር ከዳሩ እየሸነሸኑ ሸጡ። መጀመሪያ የገቡት ሸማኔዎች ናቸው። ሸማኔ ሲሠራ እግሩን የሚከትበት ጉድጓድ ስለሚቆፍር የራሱ መሬት ያስፈልገዋል። ከዚያ የፋብሪካ ሠራተኞች መጡ፤ ከዚያ እንደ አባቴ ከወሎና ከሸዋ የመጡ ሰዎች፤ መጨረሻ ላይ ተከራይና የቀን ሠራተኛ። ሁሉም ከእሱ በኋላ የመጣውን መጤ ይለዋል። ቧንቧ ላይ ወረፋ ሲበዛ፣ መጸዳጃው ሲሞላ ይቺ ቃል ትወጣለች። ተዋደን ነበር የምንኖረው ብዬ አልዋሽም። አንድ ላይ የሚያስቀምጠን እድሩ ብቻ ነበር። የተጣላም ቢሆን አንድ ድንኳን ውስጥ ይቀመጣል፤ ጀርባውን ሰጥቶም ቢሆን ይቀመጣል።

ሰፈሩ ሊነሳ ሲል ማን መቼ እንደገባ የሚመዘግብ ኮሚቴ ከነዋሪው ተመረጠ። ጌታሁን ጽሕፈቱ ቆንጆ ስለነበረ ጸሐፊ አደረጉት። ደንቡ ቀላል ነበር። መንግሥት ከተማውን ከአውሮፕላን ፎቶ ያነሳበት የአየር ካርታ ከመነሳቱ በፊት ቤት የሠራ ምትክ ያገኛል፤ ከካርታው በኋላ የሠራ አያገኝም። ጌታሁን ቤት ለቤት እየዞረ ጻፈ። ዝርዝሩ ገባ። አስራ አንድ ቤተሰብ ከካርታው በኋላ ተብሎ ባዶ እጁን ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው ወንድሜን ጠላው። እኔ ምቀኝነት ነው እል ነበር። እሱ ግን መልስ አይሰጥም። ሲሰድቡት አንገቱን ደፍቶ ያልፋል።

ሁለት ዓመት እንዲህ ቆየን።

ረቡዕ ዕለት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ተደወለልኝ። ጌታሁን ለቡ አንድ ፎቅ ላይ ልስን ይሠራ ነበር። የቆመበት እንጨት ተንሸራቶ ነው አሉ። ሆስፒታል ስደርስ አልቋል። ስለዚያ ብዙ አልጽፍም። ጫማው ላይ ያለው ሲሚንቶ ገና አልደረቀም ነበር።

አስራ አንድ ሰዓት ገደማ አባባ ቱሉ ቤታችን መጡ። የእድሩ ዳኛ እሳቸው ናቸው። ሰፈሩ ቢበተንም እድሩ አልፈረሰም፤ ከያለበት በስልክ ይጠራራል። እናቴ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። የኮንዶሚኒየሙ ጎረቤቶች ሦስት አራት ሆነው አሉ። ከታች ድልድይ ግን እስከዚያ ሰዓት አንድ ሰው አልመጣም።

አባባ ቱሉ እናቴን አጽናኑና እኔን ወደ ደረጃው ጠሩኝ።

"እድሩ ይወጣል" አሉኝ። "ሕግ ነው። ድንኳኑም ዛሬውኑ ይተከላል። ተሸካሚም አይጠፋም።"

"እግዜር ይስጥልኝ አባባ።"

"ቆይ፣ አልጨረስኩም። ነገ የሕይወት ታሪኩን ማነው የሚያነበው?"

"እኔ ነኝ።"

"ምን ብለህ?"

"እንደ ሰው ነዋ። ተወለደ፣ ተማረ፣ ሰፈሩን በቅንነት አገለገለ..."

"እሷን ተዋት።"

"የቷን?"

"ቅንነት የምትለዋን። ዘለቀ ሸማኔው ምሏል። ያቺን ካነበብክ አስከሬኑ ፊት ወጥቼ እናገራለሁ ብሏል። ብቻውን እንዳይመስልህ።"

"በሞተ ሰው ላይ?"

"እኔ የተላኩትን ነው የምነግርህ፣ ልጄ።"

እናቴ ለካ በሩ ጋ ቆማ ትሰማለች። "ይናገር" አለች። "ልጄን ገደሉት፣ አሁን ደግሞ ሊቀብሩት አይፈልጉም። ጻፍ ሀብቴ። በቅንነት ብለህ ጻፍ። ሁለት ጊዜ ጻፈው።"

ወዲያው ወጣሁ። ታክሲ ይዤ ለቡ ሄድኩ። ጋሽ ዘለቀ የሚኖረው አንድ ግቢ ውስጥ፣ ከኋላ ባለች ሰርቪስ ክፍል ነው። ከዚያ በፊት ሄጄ አላውቅም። ልጁ ምትኩ በር ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። እስከ አስረኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ ነበር የተማርነው።

"ኧረ ጸሐፊው መጣ" አለ። "ምን ልትመዘግብ ነው?"

"አባትህን ነው የምፈልገው።"

"መቼ እንደገባን ልንገርህ ወይስ እንደ ልማዳችሁ ራስህ ትሞላዋለህ?"

"ምትኩ፣ ወንድሜ ሞቷል።"

"ሰምቻለሁ" አለ። ከበሩ ግን አልተነሳም።

"አስገባው" አለ ጋሽ ዘለቀ ከውስጥ። "ሐዘንተኛ ደጅ አይቆምም።"

ክፍሏ ጠባብ ናት። ወለሉ ሊሾ ነው። የሸማ መሥሪያው እንጨት ተፈታቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አከራዩ ሊሾ አይቆፈርም ስላለ ጋሽ ዘለቀ ሥራውን ትቶ የዘበኛነት ሥራ ይዟል። የዘበኛ ካፖርቱን ለብሶ ሊወጣ ሲዘጋጅ ነው የደረስኩት። ተቀመጥ አላለኝም።

"እግዜር ያጽናችሁ" አለኝ።

"ጋሽ ዘለቀ፣ ነገ እናገራለሁ አልክ አሉ።"

"አዎ።"

"ሬሳ እኮ መልስ አይሰጥም።"

"በቁሙም አልሰጠኝ።"

"ምን አደረገህ? የነገርከውን ነው የጻፈው። ምትክ ስላላገኘህ ነው የጠላኸው። እኛ ስላገኘን።"

ጋሽ ዘለቀ የካፖርቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፈ። ከዚያ ጠየቀኝ።

"ትልቁ ጎርፍ መቼ ነበር?"

"ምን?"

"የታች ድልድይ ልጅ ነህ አይደል? ትልቁ ጎርፍ መቼ ነበር?"

"አጥራችንን የወሰደው ነዋ። እኔ አንደኛ ክፍል እያለሁ።"

"እሱ ያንተ ትልቁ ጎርፍ ነው። የእኔ የእንጨት ድልድዩን የወሰደው ነው። ያኔ አንተ አልተወለድክም። በታች ድልድይ ሁሉም የራሱ ትልቅ ጎርፍ አለው። ወንድምህ መጥቶ መቼ ገባችሁ አለኝ። ትልቁ ጎርፍ በመጣ በዓመቱ አልኩት። እኛ ዓመተ ምሕረት መች እንቆጥራለን። እኛ አስራ አንዳችን ከወንዙ ማዶ ስለነበርን መቼ እንደመጣን አላየም፤ የእናንተን አጥር የወሰደው ጎርፍ መሰለውና በዚያ ቆጥሮ ዓመቱን ሞላ። የአየር ካርታው የተነሳው በሁለቱ ጎርፎች መካከል ነው። ገባህ? ከካርታው በፊት የገባሁትን ሰው ከካርታው በኋላ አደረገኝ። አስራ አንዳችንንም እንደዚሁ።"

"ታዲያ ተሳስቶ ነዋ።"

"ተሳስቶ ነው። በስህተቱ መቼ ጠላሁት? ዝርዝሩ ሳይገባ፣ ገና እጁ ላይ እያለ ሄጄ ነገርኩት። የሌሎቹንም ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ጋሼ አስተካክለዋለሁ አለኝ። ጉልበቴን ስሞ ሸኘኝ። በሦስተኛው ቀን እንደነበረ አስገባው።"

"ውሸት ነው።"

ምትኩ ከበሩ ተነሳ። አባቱ በእጁ ከለከለው።

"ለምን እንደዚያ እንዳደረገ አላውቅም" አለ ጋሽ ዘለቀ። "እገምታለሁ እንጂ አላውቅም። መሬታችሁን ለአባትህ የሸጠውን ሰው ጠይቅ። አሁን ውጣልኝ፤ ሥራ አለብኝ።"

ስወጣ ምትኩ ከኋላዬ "ነገ እንገናኝ" አለኝ። እንደ ዛቻ ነው ያለው።

ስመለስ ድንኳኑ ከሕንፃው ሥር እየተተከለ ነው። አባባ ቱሉ ካስማ የሚመቱትን ልጆች እየተቆጡ ያሠራሉ። ለአባቴ መሬቱን የሸጡት እሳቸው ናቸው። አባቴ እኔ አምስተኛ ክፍል እያለሁ ስለሞተ ከእናቴ ሌላ መቼ እንደገባን የሚያውቁ እሳቸው ብቻ ናቸው። ወደ ጎን ወሰድኳቸው።

"አባባ፣ እኛ ታች ድልድይ የገባነው መቼ ነው?"

እጃቸውን አራገፉ።

"አንተ በእግርህ ሄደህ ነው የገባኸው" አሉ። "ሦስት ዓመትህ ነበር። የጎመን መደቤን ረግጠህብኝ ተቆጣሁህ፤ አለቀስክ።"

እኔ እዚያ የተወለድኩ ነበር የሚመስለኝ። ሁሌም የታች ድልድይ ተወላጅ ነኝ እል ነበር። ከምትኩ ጋር ስንጣላ እንኳ እንደዚያ ነበር የምለው።

"ካርታው ከተነሳ በኋላ ማለት ነው?"

"በኋላ ነው።"

"ጌታሁን ያውቃል?"

"እንዴት አያውቅም፣ አስራ ሁለት ዓመቱ ነበር። የእናንተን ቤት ዓመት አውቆ ከካርታው በፊት ብሎ ጻፈ። ይህ የሆነው የጎርፉ ስህተት ሳይታወቅ ነው። ከዚያ የዘለቀ ነገር መጣ። ያን ለማስተካከል ዝርዝሩ እንደገና ሊከፈት ነው። ሻጭ ሁሉ ተጠርቶ ቤት በቤት ሊመሰክር ነው። እኔ ተጠርቼ ስለዘለቀ ስመሰክር ስለ እናንተም ልጠየቅ ነው። ወንድምህ ይሄ ገባው። አንድ ቀን ሙሉ እኔ ቤት ተቀምጦ ዋለ። ምንም አልበላም።"

"እርስዎስ? ለምን ዝም አሉ?"

"እናትህ መጣች። አለቀሰች። አንድ ቤት ላድን ብዬ ዝም አልኩ።" ወደ ድንኳኑ ዞር ብለው አንዱን ልጅ ገመዱን እንዲያጠብቅ አዘዙት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ስንት ቤት እንዳፈረስኩ ኋላ ነው የቆጠርኩት" አሉኝ።

ያን ምሽት አንድ መስመር አልጻፍኩም። ጠዋት፣ ሰው ሳይመጣ፣ ወረቀቱን ይዤ እናቴ አጠገብ ተቀመጥኩ።

"እማዬ፣ እኔ የት ነው የተወለድኩት?"

አየችኝ። እንዳወቅሁ ገባት። አልካደችም።

"ብስራተ ገብርኤል፣ ሰው ግቢ" አለች። "አከራይዋ ልጁ አለቀሰ ብላ መብራት ታጠፋብናለች። ከዚያ በፊት አምስት ቤት ቀያይረናል። ጌታሁን በየዓመቱ አዲስ ትምህርት ቤት ነበር የሚገባው። ይህን ዘለቀ ያውቃል?"

"ዘለቀ አሁን ሰርቪስ ቤት ነው ያለው።"

"አንተ ለማነው የምታለቅሰው?"

"ለጌታሁን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ እኔ እነሱ ያሳቀቁት ነበር የሚመስለኝ።"

"ያሳቀቁትማ እነሱ ናቸው።"

"አይደለም እማዬ።"

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። "ስማ" አለች። "ይህን ብታነብ ቤቱን ይወስዱታል። ዘለቀ መጥቶ ያስገባኛል? አንዳቸው ያስገቡኛል? እሱ ለእኔ ብሎ ነው ያደረገው። ነፍሱን ለእኔ ብሎ ነው ያቆሸሸው። አንተ ማን ሆነህ ነው የሸፈንኩለትን ገበና የምትገልጠው?"

ወረቀቱን ይዤ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና ጻፍኩ። "በቅንነት" የሚለውን ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ሰረዝኩ።

ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነበር። የታች ድልድይ ሰው መጥቷል። ከያሉበት፣ በሚኒባስ ተሳፍረው፣ ጋቢና ነጠላቸውን ለብሰው መጥተዋል። ምትክ ያገኙት በአንድ በኩል፣ ያላገኙት በሌላ በኩል ቆሙ። ማንም እንዲህ ቁሙ አላላቸውም። ጋሽ ዘለቀ ከፊት ነበር፤ ምትኩ ከጎኑ። ፍትሐቱ አለቀና የሕይወት ታሪኩ ይነበብ ተባለ።

ወረቀቱን በሁለት እጄ ያዝኩት። የአባቴንና የእናቴን ስም አነበብኩ፤ የት እንደተወለደ፣ የት እንደተማረ፣ አባታችን ሲሞት ትምህርቱን ትቶ ልስን እንደጀመረ፣ እኔን እንዳስተማረኝ። እናቴ ታለቅሳለች። ከዚያ ይቺ ጋ ደረስኩ።

"ወንድሜ የታች ድልድይን ነዋሪዎች መዝግቧል። አስራ አንድ ቤተሰብ በጎርፉ አቆጣጠር ምክንያት ዓመታቸው ተሳስቶ ተጻፈ። ስህተቱን ዝርዝሩ ከመግባቱ በፊት አውቆ ነበር። አላስተካከለውም። ቢያስተካክል የእኛ ቤት ዓመት ውሸት መሆኑ ይታወቅ ነበር። እኛ የገባነው ከካርታው በኋላ ነው። ይህን ያደረገው ለእናቱ ብሎ ነው። የተበደሉት ቤተሰቦች ስም የሚከተለው ነው።"

ከዚያ አስራ አንዱን ስም አነበብኩ። የጋሽ ዘለቀን መጀመሪያ አደረግኩ።

እናቴ ማልቀሷን አቆመች። ከቀኝ በኩል አንድ ሰው "ደግሞ ለእኛም ሊተርፍ ነው" አለ፤ ምትክ ካገኙት አንዱ ነው። ከግራ በኩል አንዲት ሴት "ሁለት ዓመት ሙሉ የት ነበራችሁ?" አለች። አባባ ቱሉ መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ጋሽ ዘለቀን ነበር የማየው። ሊናገር ተዘጋጅቶ የመጣ ሰው ነው። ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ወጣ። አስከሬኑን ቆሞ አየ። ይቅር ብዬዋለሁ ይላል ብዬ ጠበቅሁ። አላለም።

"ቅበሩት" አለ፤ ወደ ቦታውም ተመለሰ።

ከመቃብሩ ስንመለስ እናቴ ጆሮዬ ሥር ሆና "እኔ አንድ ጊዜ ቀበርኩት፤ አንተ ሁለት ጊዜ" አለችኝ።

ከሳምንት በኋላ ከአስራ አንዱ ቤተሰቦች ጋር ቢሮ ሄጄ ያነበብኩትን በጽሑፍ አስገባሁ። አባባ ቱሉም መሰከሩ። የእነሱ ጉዳይ ገና እየታየ ነው። ዛሬ ነገ ይባላሉ። የእኛ ግን ቶሎ ታየ። የመልቀቂያ ወረቀት መጣልን። ምትክ ያገኙት ሰዎች የሁላችንንም ፋይል አስከፈትክብን ብለው እድር ላይ ሰላም አይሉኝም። ያላገኙትም አያመሰግኑኝም። ለምን ያመሰግኑኛል? የራሳቸውን ነው የነገርኳቸው።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ እውነቱን ተናግሮ ቀለለው ብላችሁ እንዳትደመድሙ። አልቀለለኝም። ጌታሁንን በፊት ከምወደው በላይ እወደዋለሁ፤ በፊት ያልነበረ ቁጣም አለኝ፤ ሁለቱ አልታረቁልኝም። ለምን አልነገርከኝም ብዬ መቃብሩ ላይ ቆሜ የሰደብኩት ቀን አለ። የተለወጠው ነገር ይህ ነው፦ ቀብር ሄጄ የሰው የሕይወት ታሪክ ሲነበብ፣ ቅን ነበር፣ ሩኅሩኅ ነበር ሲባል፣ እኔ ሰዉን ነው የማየው። ዝም ብሎ መሬት የሚያየውን ሰው እፈልጋለሁ። ሁሌም አይጠፋም።

ቤቱን የለቀቅነው ቅዳሜ ነው። ለቡ አንዲት ክፍል ተከራይተናል። የቀጠርኩት አይሱዙ ሾፌር ዕቃ አልሸከምም ብሎ ጎማው ላይ ተደግፎ ቆሟል። ጎረቤት የለም፣ የእድር ሰው የለም። የእናቴን አልጋ ከሦስተኛ ፎቅ ለማውረድ ብቻዬን ስታገል ከታች ሰው ወጣ። ምትኩ ነው። ማን እንደነገረው አላውቅም። በእግርጌ በኩል ያዘ። ሦስቱንም ፎቅ ሳንነጋገር ወረድን። አይሱዙው ላይ ጫንነው። ቁምሳጥኑንም፣ ፍራሹንም፣ ሁሉንም አወረድን። ሲጨርስ እጁን በሱሪው ጠረገ።

"አመሰግናለሁ" አልኩት።

"ለአንተ ብዬ አይደለም" አለ። "አባቴም አልላከኝም። እኛ ስንወጣ የሚያግዘን ሰው አልነበረም፤ ለዚህ ነው።"

ውሃ ሰጠሁት፤ አልተቀበለኝም። አይሱዙው ጋቢና ውስጥ ለተቀመጠችው ለእናቴ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። እሷም "ተባረክ ልጄ" አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ሳያይ በእግሩ ወደ አስፋልቱ ሄደ።